ብርሃንና ጌጥ በአርሲ ደጋ ቤት

ቤቱን ለማሳመር የሚነሣ ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ወንበርና መጋረጃ ሊገዛ ገበያ ይወጣል፤ የአርሲ ደጋን የቤት አያያዝ ታሪክ መርምሮ ላየው ግን የዕቃውም የቀለሙም ሥርዓት ብርሃንን ተከትሎ የመጣ ነው። ከ4000 ሜትር በላይ ከሚረዝመው ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ውርጭ ሰፊ መስኮት ስለማያስከፍት፣ በሣር ክዳኑ ጎጆ ውስጥ ብርሃን የሚገኘው ከበሩና ከምድጃው ነበር፤ ክዳኑንና ማገሩንም ጢስ ጥቀርሻ ያለብሰዋል። በዚህ ጽልመት ውስጥ የአርሲ እናት ቅሏንና ጮጮዋን በዛጎልና በጨሌ አስጊጣ ከግድግዳው ትሰቅላለች። እሳቱ በተቆሰቆሰ ጊዜ የዛጎሉ ንጣት የነበልባሉን ጸዳል ተቀብሎ ብልጭ ይላል፤ የቤቱ ሀብት የሆነው የወተት ዕቃም ከጨለማው ተለይቶ ይታያል። ከዚህ የበለጠ የኅብረ ቀለም ጥበብ ለዚያ ቤት ይገኝለት ነበር ብዬ አላምንም። ሙሽራይቱ በሠርጓ ቀን ከእናቷ የምትቀበለው ሲንቄ የሚባለው በትር ግን፣ በቤቷ በክብር ቢቀመጥም፣ የመብቷ ምልክት ነውና ከጌጥ ሊቆጠር አይገባውም።

ከ1874 እስከ 1878 ዓ.ም. በአርሲ ላይ ብዙ ደም ካፈሰሰው የዳግማዊ ምኒልክ ዘመቻ በኋላ ከሸዋ የመጡት ሰፋሪዎች መደቡን፣ የጠፍር አልጋውንና አጎዛውን ይዘው ገቡ። እያደርም በአሰላ ከተማ ባለ አራት ማዕዘኑ የቆርቆሮ ቤት ሲበዛ መስኮት መጣ፤ መስኮት በመጣ ጊዜም ግድግዳው ታየ። የታየ ግድግዳ ልብስ ይሻልና ባለቤቲቱ እበትና አመድ ከጭቃ ለውሳ ትለቀልቀዋለች፤ አቅም ያላት ኖራ ታስቀባዋለች፤ ብዙዎች ግን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመውን አዲስ ዘመን ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ይለጥፉበት ነበር። ማንበብ የማትችል እናት ጽሕፈቱ እንዳይዘቀዘቅባት ተማሪ ልጇን ጠርታ ወረቀቱን ታስይዘዋለች። ይህ ወረቀት አፈሩ እንዳይረግፍ፣ ነፋስም በስንጥቁ እንዳይገባ ከመከልከሉ በላይ፣ የኩራዙን ደካማ ብርሃን ለክፍሉ መልሶ ይሰጥ ስለነበረ፣ የድህነት ምልክት አድርገው የሚንቁት ሰዎች እንደሚሳሳቱ እቆጥራለሁ።

ዛሬ በጣሪያው መካከል የሚሰቀለው አምፖል ለሁሉ እኩል ስለሚያበራ፣ ጮጮው በባለ መስተዋት ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆ ጋር ተደባልቆ ሲቀር ማየት ያሳዝነኛል። ጀማሪው ያን ዕቃ አውጥቶ በጠቆረ ቡናማ በተቀባ ግድግዳ ላይ ይስቀለው፤ መብራቱንም ከፊት ለፊቱ ሳይሆን ከጎኑ፣ ጥላ ሊጥል በሚችልበት ቁመት ያድርግለት።