የሆድን ለማሽን

የሰው ልጅ ጭንቀቱን ለመሣሪያ መንገር የጀመረው በስልክ መተግበሪያዎች ዘመን ይመስለናል። ነገሩ ግን ከእጅ ስልክ ይቀድማል። በ1966 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኤም.አይ.ቲ. መምህር የነበረው ጆሴፍ ዋይዘንባውም ኢላይዛ ብሎ የሰየመውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ለዓለም አስተዋወቀ። ስሙን የወሰደው ከበርናርድ ሾው «ፒግማሊየን» ተውኔት ገጸ ባሕርይ ነው።

ፕሮግራሙ የሥነ ልቦና ሐኪምን አነጋገር ያስመስላል እንጂ የሚያውቀው አንዳች ነገር አልነበረም። ሰው ስለ እናቱ ከጻፈለት «እናት» የምትለዋን ቃል ይለቅምና ስለ ቤተሰቡ ጨምሮ እንዲያወጋው ይጠይቃል። የሚለቅመው ሲያጣ ደግሞ «ቀጥል» ይላል። ይኸው ነው። (በአገራችን ለቅሶ ቤት «አይዞሽ» ብቻ እያለ የሚያመሽ ጎረቤት አለ፤ እሱ ግን ቢያንስ ማን እንደሞተ ያውቃል።)

ዋይዘንባውም በ1976 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያቆመኝ አንድ ቦታ አለ። ፕሮግራሙ ሲሠራ ለወራት ስትመለከት የቆየችው ጸሐፊው፣ ከኢላይዛ ጋር ጥቂት ቃላት እንደተለዋወጠች፣ ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። በሌላ ጊዜም ሰዎች ከፕሮግራሙ ጋር ያደረጉትን ምልልስ ለመመርመር ሐሳብ ቢያቀርብ፣ የሰውን ገመና ሊሰልል ነው ተብሎ ተወቀሰ። ማሽን መሆኑ አልተሰወረም፤ ምስጢሩ ግን ምስጢር ነበር። በዚያው በ1966 የአእምሮ ሐኪሙ ኬኔት ኮልቢና ባልደረቦቹ በኮምፒውተር ሥርዓት በሰዓት ብዙ መቶ ሕሙማንን ማስተናገድ እንደሚቻል ጻፉ። ዋይዘንባውም ደነገጠ፤ በ2008 እስኪሞትም ድረስ የገዛ ሙያውን ሲተች ኖረ።

ዛሬ ለድብርትና ለጭንቀት የተሠሩ መተግበሪያዎች በየኪሱ አሉ፤ ሰው ግን አይከርምባቸውም። በ2019 የወጣ፣ 93 መተግበሪያዎችን የመረመረ ጥናት፣ መተግበሪያውን ስልካቸው ላይ ከጫኑ 100 ሰዎች መካከል በ15ኛው ቀን የሚከፍቱት 4 ያህሉ፣ በ30ኛው ቀን ደግሞ 3 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። በ2017 ብቅ ያለውና የኢላይዛ የልጅ ልጅ ልንለው የምንችለው ዎቦትም በ2025 ተዘግቷል።

ተጠቃሚው ሰነፍ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። በዚያው ጥናት፣ የዕለት ስሜትን የሚያስመዘግቡ፣ ትንፋሽን የሚያለማምዱና ምክር የሚያስነብቡ መተግበሪያዎች ላይ ተጠቃሚው በቀን የሚቆየው ከ3 እስከ 8 ደቂቃ ያህል ነው። ሕመምተኞች እርስ በርስ በሚጻጻፉባቸውና በሚደጋገፉባቸው ላይ ግን 35 ደቂቃ ያህል ይቆያል።