«ዝሆኖች ያስታውሳሉ» እና የአንባቢ ቅሬታ፦ ስለ አጋታ ክሪስቲ የኋለኛ ዘመን ድርሰት

ሄርኩል ፖይሮ በ1920 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከአንባቢ ጋር ሲተዋወቅ ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነበር። «ዝሆኖች ያስታውሳሉ» በ1972 ሲታተምም ያው ሰው ከነጢሙ፣ ከነጥንቃቄው ሥራ ላይ ነው። አጋታ ክሪስቲ ያን ጊዜ 82 ዓመቷ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው «መጋረጃ» የተጻፈው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ስለሆነ፣ ስለ ፖይሮ ከጻፈቻቸው ረዥም ልቦለዶች የመጨረሻው «ዝሆኖች ያስታውሳሉ» ነው። አንባቢዎች በመጽሐፉ ላይ ቅሬታ ማሰማት ከጀመሩ ቆይተዋል። ቅሬታው እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። ለቅሬታው መልስ ተብሎ የሚቀርበው የደራሲዋ እርጅና ግን መጽሐፉን በደንብ እንዳናየው ጋርዶናል።

ታሪኩ የሚነሣው ለደራስያን በተዘጋጀ የምሳ ግብዣ ላይ ነው። ወይዘሮ በርተን-ኮክስ የወንጀል ልቦለድ ጸሐፊዋን አሪያድኒ ኦሊቨርን ጠጋ ብላ ስለ ኦሊቨር የክርስትና ልጅ ስለ ሲሊያ ትጠይቃታለች፤ እናትየው ናት አባትየውን የገደለችው ወይስ እሱ ነው እሷን? የሲሊያ ወላጆች ጄኔራል ሬቨንስክሮፍትና ባለቤቱ ከዓመታት በፊት ከገደል አፋፍ አጠገብ በጥይት ተመትተው ሞተው ተገኝተዋል። ኦሊቨር የጥንት ወዳጆቿንና ያረጁ ሞግዚቶችን እየዞረች ታነጋግራለች። ደም አይረጭም፣ ማንም ማንንም አያሳድድም፤ ሻይ እየተጠጣ የድሮ ነገር ይነሣል። ይህ ዓይነቱ የምርመራ ልቦለድ አንባቢውን የሚይዘው በሰው ጠባይና በእንቆቅልሽ እንጂ በፍርሃት አይደለም።

የቅሬታው መነሻ የጊዜ ስሌት ነው። የባልና ሚስቱ ሞት አንድ ቦታ ላይ ከአሥርና ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የሆነ ይመስላል፤ ሌላ ቦታ አሥራ አምስት፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ሃያ ዓመት ይባላል። ራሱም የወንጀል ልቦለድ ደራሲ የነበረው ሐያሲ ሮበርት ባርናርድ በ1980 በታተመው የክሪስቲ ጥናቱ ይህንኑ ነቅሶ አውጥቷል፤ የምልልሱን መንዛዛትም ሳይተች አላለፈም። በሌላ ዘውግ ቢሆን እንዲህ ያለው ስሕተት ብዙም ባልጎዳ። የምርመራ ልቦለድ አንባቢ ግን ቀንና ሰዓት ይቆጥራል፤ እንዲቆጥር ያስተማረችውም ክሪስቲ ራሷ ናት። እንቆቅልሹም ቢሆን ቶሎ ይገለጣል። የሟቿን አራት ዊጎች፣ መንታ እህቷንና እመቤቱን የነከሰውን የቤት ውሻ አንድ ላይ ያሰበ አንባቢ ፖይሮ ሳይናገር ይደርስበታል።

መጽሐፉን የሚወዱት ክርክራቸው ሌላ ነው። እነሱ የመጡት ለእንቆቅልሹ ሳይሆን ለወዳጆቻቸው ነው፤ ኦሊቨርንና ፖይሮን አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው ሲያወሩ መስማት ይበቃቸዋል። ይህን እንደ ስንፍና የሚቆጥሩ ሐያስያን አሉ፤ እኔ አልስማማም። ኦሊቨር የዝሆኑን ተረት ስትናገር እንመልከታት። አንድ ሕንዳዊ ልብስ ሰፊ ዝሆንን በመርፌ ወጋው ትላለች፤ መጀመሪያ ጥርሱን ትልና ወዲያው ኩምቢውን ብላ ታርማለች። ስለማይረሳ እንስሳ የምታወራ ሴት እያወራች ትረሳለች። ይህ በመጽሐፉ ውስጥ ከተጻፉት ሁሉ የበሰለው ስፍራ ይመስለኛል።

በ2009 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢያን ላንካሸርና ግሬም ኸርስት የክሪስቲን ልቦለዶች በኮምፒዩተር መርምረው፣ «ዝሆኖች ያስታውሳሉ» ከ18 ዓመት በፊት ከወጣ ሌላ ልቦለዷ ጋር ሲነጻጸር የቃላት ሀብቱ በ30 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳዩ። የተደጋገሙ ሐረጎችና «ነገር»፣ «የሆነ ነገር» የመሳሰሉ ለይተው የማያመለክቱ ቃላትም በዝተው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ ይህን የመርሳት በሽታ ምልክት ሊሆን እንደሚችል አድርገው አቀረቡት። ግኝቱ ለተራው አንባቢ ትልቅ ክብር ነው፤ መሣሪያ የቆጠረውን ጆሮው ቀድሞ ሰምቶት ነበርና። ጥናቱ የመረመረው ግን ጽሑፍን እንጂ ሕመምተኛን አይደለም። ዛሬ ብዙዎች «ታማ ነበር» ብለው መጽሐፉን ሲዘጉት አያለሁ፤ ሕመም የሥራውን ድካም ያስረዳ እንደሆነ እንጂ ድካሙ የት ላይ እንዳለ አይነግረንም።

ድካሙ ያለበትን ቦታ የሚያሳየን በ1942 የወጣው «አምስት ትናንሽ አሳማዎች» ነው። እዚያም አንዲት ልጅ እናቷ አባቷን መግደል አለመግደሏን ማወቅ ትፈልጋለች፤ ወንጀሉ ያረጀ ነው፤ ማስረጃው ትዝታ ብቻ ነው። ነገር ግን አምስቱ ምስክሮች እያንዳንዳቸው ያዩትን በጽሑፍ ያቀርባሉ፤ አንዱ ሲያፍር፣ ሌላው ሲቀና፣ ሌላዋ ስትመጻደቅ በገዛ አነጋገራቸው እንለያቸዋለን። በ1972ቱ መጽሐፍ ግን ኦሊቨር የምታነጋግራቸው አሮጊቶች ሁሉ አንድ ድምፅ አላቸው። ስም ቢቀያየር የሚያስተውል የለም። የዓመቱ መምታታት በአንድ ጠንቃቃ አርታኢ እጅ ይቃና ነበር፤ የድምፁን መመሳሰል ግን አርታኢ አያድነውም። በ2013 ዴቪድ ሱሼ ፖይሮን ሆኖ በተወነበት የዚሁ መጽሐፍ የቴሌቪዥን ፊልም ውስጥ በመጽሐፉ የሌለ አዲስ ግድያ የተጨመረውም ታሪኩ በትዝታ ብቻ መቆም ስላቃተው ይመስለኛል።

እንግዲህ ቅሬታ ያለው አንባቢ ልክ ነው፤ ወዳጆቹን ፍለጋ የመጣውም አላጠፋም። አልፈህ ፍረድ ለሚለኝ፣ መጽሐፉ ከፖይሮ ልቦለዶች ደካማ ከሆኑት አንዱ ነው እላለሁ። ራሱ መርምሮ መፍረድ የሚሻ አንባቢ ግን ከ1942ቱ ይጀምር፤ ከዚያ የ1972ቱን ያንብብ፤ ፍርዱንም በምስክሮቹ ድምፅ ይስጥ እንጂ በደራሲዋ ዕድሜ አይስጥ።