የደብተሩ ወሰን

በ1945 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አሜሪካ ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ ከጣለቻቸው የአቶሚክ ቦምቦች የተረፉትን ሰዎች ጃፓኖች «ሂባኩሻ» ይሏቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የዝምታ ነበሩ። አገሪቱን የያዘው ጦር ሳንሱር ስለ ጉዳቱ እንዳይጻፍ አፈነ፤ በ1947 ሥራ የጀመረው የአሜሪካኖች የምርምር ኮሚሽንም ደማቸውን እየቀዳ መረመራቸው እንጂ አላከማቸውም። ለጋብቻ ሲታጩ ሕመሙ ወደ ልጅ ይተላለፋል ተብሎ ስለሚፈሩ ብዙዎቹ ያዩትን ደብቀው ኖሩ።

ዝምታውን የሰበረው ሌላ ቦምብ ነው። በ1954 ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ባለችው የቢኪኒ ደሴት ላይ የተሞከረው የሃይድሮጂን ቦምብ አመድ 23 ጃፓናውያን ዓሣ አጥማጆች ላይ ዘነበ፤ አገሩ በቁጣ ተነሣ። በ1956 የተራፊዎቹ ማኅበር ሂዳንኪዮ ተመሠረተ፤ በዓመቱ የሕክምና ሕግ ወጣ፤ ለተራፊዎችም የጤና ደብተር ታደለ።

ደብተሩ ግን ወሰን ነበረው። በፍንዳታው ሰዓት የት ነበርክ? በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ፍንዳታው ማእከል ምን ያህል ቀርበሃል? ምስክር አለህ? በቅኝ ግዛት ዘመን ወደ ጃፓን ከሄዱ በኋላ ቦምቡ ያገኛቸው ኮሪያውያን ደግሞ የባሰ ገጠማቸው፤ በ1974 የወጣ መመሪያ ከጃፓን የወጣ ተራፊ ከመንግሥት የሚያገኘው አበል እንዲቋረጥበት አደረገ። ጨረር ፓስፖርት አይጠይቅም፤ ቢሮው ግን ጠየቀ። መመሪያው የተነሣው በ2003 ነው፤ ያውም ክዋክ ክዊ ሁን የተባሉ ኮሪያዊ ተራፊ ኦሳካ ላይ ተከራክረው ከረቱ በኋላ።

ለእኔ ዋናው ነገር ግን ከዚህ ይጠልቃል። መንግሥት የሚከፍለው በጨረር ለታመመ በሕይወት ላለ ሰው ነው፤ ለሞቱት ካሣ ከፍሎ አያውቅም። በ1980 የመንግሥት አማካሪዎች ጉባኤ የጦርነት ጉዳት ሕዝብ ሁሉ እኩል የሚሸከመው ነው አለ። እኩል? የቀድሞ ወታደሮችና የሟች ወታደር ቤተሰቦች ከ1950ዎቹ ጀምሮ ጡረታ ሲበሉ ኖረዋል! ሂዳንኪዮ በ2024 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲቀበል የማኅበሩ ተወካይ ቴሩሚ ታናካ ኦስሎ ላይ ይህንኑ ቅሬታ አነሡ፤ መንግሥት ለሞቱት ምንም እንዳልካሰ ደጋግመው ተናገሩ።

ክርክሩ አላለቀም። በ2021 የሂሮሺማ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መንግሥት ከወሰነው ክልል ውጭ ከፍንዳታው በኋላ ጨረር ያዘለው «ጥቁር ዝናብ» የወረደባቸውን 84 ከሳሾች ተራፊ ናቸው አለ፤ መንግሥትም ይግባኝ ሳይል ተቀበለ። ናጋሳኪ ላይ ግን በ2024 ከ44 ከሳሾች ዕውቅና ያገኙት 15 ብቻ ናቸው። የደብተር ባለቤቶች አማካይ ዕድሜ ከ85 አልፏል።