ፓስፖርት የሌለው ሰው ወረቀት ከየት መጣ?



ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ማታ ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ አንድ ደላላ የዩኤን ፓስፖርት ላውጣልሽ አለኝ። እሱን ከያዝኩ ለካናዳ ቪዛ አያስፈልገኝም አሉ» አለችኝ። የእናቷን የአንገት ወርቅ ልትሸጥ ነው። «እንዳትከፍዪ!» አልኳት። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን የመቶ ዓመት ታሪክ መናገር ነበረብኝ። እናንተም ስሙልኝ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት በአብዛኛው አውሮፓ ሰው ያለ ፓስፖርት ድንበር ይሻገር ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ቁጥጥር መጣ፤ ጦርነቱ ሲያልቅም ቁጥጥሩ አልተነሳም። በ1917 ደግሞ የሩሲያ አብዮት ፈነዳና ብዙ ሕዝብ ተሰደደ። በ1921 መጨረሻ የሶቪየት መንግሥት የእነዚህን ስደተኞች ዜግነት ገፈፈ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ አዋጅ አገር አልባ ሆነ። ፓስፖርት የሚሰጠው መንግሥት የለም፤ ያለ ፓስፖርት ደግሞ የሚያስገባው አገር የለም።

መላ ያመጣው ኖርዌያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን ነው። የመንግሥታት ማኅበር (ጃንሆይ በ1936 ጄኔቫ ላይ አቤት ያሉበት ያው ማኅበር) የስደተኞች ኮሚሽነር አድርጎ ሾሞት ነበር። በ1922 መንግሥታት ለስደተኞቹ የመታወቂያና የጉዞ ወረቀት ለመስጠት ተስማሙ። ሕዝቡ «የናንሰን ፓስፖርት» አለው። ሠዓሊው ማርክ ሻጋልና ሙዚቀኛው ስትራቪንስኪ ይዘውት ተጉዘዋል። በ1924 ከእልቂት ለተረፉት አርመኖችም ተፈቀደ። በዚያው ዓመት ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አመጡ፤ «አርባ ልጆች» የተባሉት የማርሽ ሙዚቀኞች እነሱ ናቸው። አገራችን ስደተኛ ተቀባይም እንደነበረች አንርሳ።

የናንሰን ወረቀት ግን ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ወረቀቱን የሰጠው አገር መልሶ የመቀበል ግዴታ አልነበረበትም። ስለዚህ ሌላው አገር «ብትቀርብኝስ?» እያለ ለማስገባት ይፈራ ነበር። ይህ በጽኑ የተስተካከለው በ1951 የስደተኞች ስምምነት ነው። አንቀጽ 28 እና አባሪው እንደሚሉት፣ የጉዞ ሰነዱን የሰጠ አገር ሰነዱ እስካላለፈበት ድረስ ባለቤቱን መልሶ ይቀበላል። በ1969 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነትም ስለዚሁ ሰነድ አንድ አንቀጽ አለው።

እንግዲህ ለተማሪዬ የነገርኳት ይህን ነው፦

አንደኛ፣ ሰነዱን የሚሰጠው ያስጠለለን አገር መንግሥት ነው። ደላላም ሆነ ዩኤን የሚሸጠው ፓስፖርት የለም።

ሁለተኛ፣ የጉዞ ሰነድ ቪዛ አይደለም። ቪዛ የሚመታበት ደብተር ነው። ሊቀበልሽ የፈቀደ አገር ቪዛውን እዚያ ላይ ይመታልሻል፤ ካልፈቀደ ደብተሩ ብቻውን በር አይከፍትም።

ሦስተኛ፣ ጊዜው ካለፈ የመመለስ መብትሽም አደጋ ላይ ይወድቃል። ከመነሳትሽ በፊት ቀኑን እይ።

ካናዳ የሚያስገቡ ሕጋዊ መንገዶች ሌሎች ናቸው፦ በዩኤን በኩል የሚደረግ መልሶ ማስፈር፣ የቤተሰብ ማገናኘት፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ለቬትናም ስደተኞች በሰፊው የተሠራበት የግል ስፖንሰር። ሁሉም ረጅም ናቸው፣ ያሰለቻሉ። ዩኤን ለመልሶ ማስፈር አንድም ሳንቲም አይጠይቅም፤ «ስምሽን ላስገባ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሌባ ነው።

ውጭ ያላችሁ ዘመዶች፣ እዚህ ያለ ልጅ «ለወረቀት ላኩልኝ» ሲላችሁ ከመላካችሁ በፊት «ወረቀቱን የሚሰጠው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ያቺ ልጅ ያን ማታ ስለደወለች ወርቁ አልተሸጠም። ሳይደውሉ የሸጡትን ግን አውቃለሁ።

ላልሰማ አሰሙልኝ።