የእጅ አንጓ ስብራትና ውልቃት አመራመር ታሪክ

ሰው ሲወድቅ እጁን ይዘረጋል፤ ክብደቱም በመዳፉ ላይ ያርፋል። ከዚህ በኋላ ያበጠውና የተጣመመው አንጓ ተሰብሮ ነው ወይስ ወልቆ? የጥያቄው መልስ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተገልብጧል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሂፖክራተስ ዘመን ጀምሮ የነበሩ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ጉዳት በአብዛኛው ውልቃት ይሉት ነበር። የሊዮኑ ሐኪም ክሎድ ፑቶ ግን ስብራት መሆኑን ጽፎ ነበር፤ ጽሑፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1783 ስለሆነ ከፈረንሳይ ውጭ ብዙ አልታወቀም። በ1814 የደብሊኑ አብርሃም ኮልስ ባወጣው አጭር ጽሑፍ፥ የሚሰበረው በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት ጫፍ መሆኑን አስረዳ። ራጅ ያልነበረበት ዘመን ነው፤ ጉዳቱን በሬሳ ላይ ከፍቶ ለማየትም ዕድል አላገኘም። እጁን ሲስበው ቅርጹ እንደሚስተካከል፥ ሲለቀው ደግሞ ተመልሶ እንደሚጣመም በማስተዋል ብቻ ነው የደረሰበት። ይህ አሠራር የእኛ አገር ወጌሻ ዳስሶ ከሚያውቀው ብዙ የራቀ አይደለም።

ቀጥሎም በፓሪስ ዱፑይትረን ትምህርቱን አጸናው፤ የአንጓ ውልቃት ከቶ የለም እስከማለት የሚያደርስ ሆነ። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ስሕተት የተወለደው። አንጓው ስምንት ትንንሽ አጥንቶች አሉት፤ ከእነርሱም መካከል ግማሽ ጨረቃ የሚመስለው አጥንት፥ ወይም በዙሪያው ያሉት፥ ከቦታቸው ሊወጡ ይችላሉ። ማልጌኝ በ1855 ይህን ጉዳይ ገልጾታል፤ ነገር ግን ባበጠ እጅ ውስጥ የተሰወረን ትንሽ አጥንት በጣት ዳስሶ መለየት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ሮንትገን ጨረሩን በ1895 አገኘ። (ራጅ የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የተወሰደ ነው።) በማግሥቱ ዓመት በዚያው በፑቶ ከተማ በሊዮን ኤትየን ዴስቶ የአንጓን ጉዳት በጨረሩ ይመረምር ጀመር፤ የድካሙም ፍሬ የሆነው መጽሐፍ በ1923 ታተመ። በ1980 ደግሞ ሜይፊልድና ባልደረቦቹ የሬሳ አንጓዎችን ወደ ኋላ በማጠፍ ጅማቶቹ በአራት ደረጃ እንደሚበጠሱ አሳዩ፤ በመጨረሻው ደረጃ ጨረቃ መሳዩ አጥንት ወደ መዳፍ በኩል ይወጣል። ብዙ ጊዜም ጀልባ መሳዩ አጥንት አብሮ ይሰበራል።

ታዲያ ራጅ ከተገኘ በኋላ ስሕተቱ ቀረ? አልቀረም። በ1993 ሄርዝበርግና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ከ166 እንደዚህ ያሉ ጉዳቶች አንድ አራተኛ ያህሉ በመጀመሪያው ምርመራ አልታወቁም ነበር። ከፊት የተነሣ ራጅ ልምድ የሌለውን ዓይን ያታልላል፤ ከጎን በተነሣው ላይ ግን የወጣው አጥንት እንደተደፋ ስኒ ሆኖ ይታያል። እንግዲህ በእኔ አስተያየት ጎደሎው መሣሪያ ሳይሆን ከጎን አንሥቶ የማየት ልማድ ነው።

የሕክምናው ታሪክ አጭር ነው። ቀድሞ አጥንቱን ስቦ በመመለስ በጄሶ ማሰር፥ ቆይቶ የመጣውን ደግሞ አጥንቱን ቆርጦ ማውጣት የተለመደ ነበር። ዛሬም ቶሎ ስቦ መመለስ ግድ ነው፤ የወጣው አጥንት ወደ ጣቶች የሚሄደውን ነርቭ ስለሚጫን ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። ጄሶ ብቻውን ግን የተበጠሱትን ጅማቶች በቦታቸው አይዝም። ስለዚህ ሐኪሞች ከፍተው ጅማቱን መስፋት፥ አጥንቶቹን በሽቦ መያዝ፥ የተሰበረውን ጀልባ መሳይ አጥንትም ኸርበርት በ1984 ባስተዋወቀው ዓይነት ቡሎን ማጥበቅ ያዙ።

ኮልስ ለእርሱ ሕመምተኞች፥ ቅርጹ እንደተጣመመ ቢቀርም እጁ ውሎ አድሮ ያለ ሕመም ይሠራል ብሎ ሊያጽናና ችሎ ነበር። በ1993ቱ ጥናት ለዓመታት ከተከታተሏቸው ውልቃት ያለባቸው ሕመምተኞች ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መገጣጠሚያቸው ተበልቶ ተገኝቷል።