ማንም የማይሰርዘው የመጀመሪያ ትእዛዝ

ኮምፒውተር ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነበው ባዮስ የሚባለውን ፕሮግራም ነው። እሱ ከተመረዘ ከኋላው የሚመጣው ጸረ ቫይረስም ሆነ የይለፍ ቃል እምብዛም አያድንም። ታዲያ ይህን ፕሮግራም ማን ሊለውጠው ይችላል? በመጀመሪያው ዘመን መልሱ አጭር ነበር፤ ማንም አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ የቀረበው አይቢኤም ፒሲ ባዮሱን የያዘው ፋብሪካ ውስጥ በተቀረጸና ዳግም በማይጻፍበት የሮም ቺፕ ላይ ነው። ዶቭ ፍሮማን በ1971 ኢንቴል ውስጥ የፈለሰፈው ኢፕሮም ሊሰረዝ ቢችልም፣ ለመሰረዝ በቺፑ አናት ላይ ባለው መስኮት የአልትራቫዮሌት ጨረር ማብራት ያስፈልጋል። ከሩቅ ሆኖ የሚያጠቃ ሰው ይህን ማድረግ አይችልም።

ይህን ጥበቃ ያፈረሰው ጠቃሚ ፈጠራ ነው። የቶሺባው ፉጂዮ ማሱኦካ በ1984 ይፋ ያደረገው ፍላሽ ሚሞሪ በኤሌክትሪክ ብቻ ይሰረዛል፣ ይጻፍበታልም። በ1990ዎቹ ባዮስ ወደ ፍላሽ ሲዛወር ስሕተትን ለማረም ቺፕ መቀየር ቀረ፤ አንድ ፍሎፒ ዲስክ በቂ ሆነ። ነገር ግን ለባለቤቱ የተከፈተው በር ለቫይረስም ተከፈተ። በ1998 ታይዋን ውስጥ የተጻፈው ሲአይኤች ኤፕሪል 26 ቀን 1999 ሲነቃ የሃርድ ዲስክን መጀመሪያ ከመደምሰስ አልፎ፣ በተመቸው ማሽን ላይ ባዮሱን አበላሸ። እንዲህ የተጎዳው ኮምፒውተር ቺፑ እስኪቀየር ወይም እንደገና እስኪጻፍበት ድረስ አይነሳም።

መከላከያው እዚያው ቺፑ ላይ ነው። ዛሬ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ያሉት የፍላሽ ቺፖች የትኛው ክፍል እንደማይጻፍበት የሚወስኑ ቢቶች አሏቸው። ችግሩ እነዚህን ቢቶች ሶፍትዌር ከዘጋቸው ሶፍትዌር መልሶ ሊከፍታቸው መቻሉ ነው። አስተማማኝ የሚሆኑት ጽሕፈት የሚከለክለው የቺፑ እግር በሽቦ ሲታሰር፣ ወይም ቺፑ ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ሲቆለፍ ነው። የጸረ ቫይረስ ኩባንያው ኢሴት በ2018 ያጋለጠው ሎጃክስ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም አደጋውን አሳይቷል፤ የመጻፍ ክልከላው በአግባቡ ያልተዘጋበትን ማሽን ፈልጎ ራሱን ፍላሹ ውስጥ ተከለ፤ ሃርድ ዲስክ ቢቀየር እንኳ አይጠፋም።

የተቆለፈ ስሕተት ለዘላለም ስሕተት ነው ብለው የሚቃወሙ አሉ፤ ማስረጃቸውም ጠንካራ ነው። በ2019 ይፋ የሆነው ቼክኤም8 በአይፎን ሮም ውስጥ ያለ ግድፈት ነው፤ አፕል ከ4ኤስ እስከ አይፎን 10 ያሉትን ስልኮች በዝማኔ ሊያድናቸው አልቻለም። ከዚህ የምንማረው ግን የሚቆለፈውን ማሳነስ እንጂ መቆለፍን መተው አይደለም። በ2011 መሸጥ የጀመሩት ክሮምቡክ የተባሉት ላፕቶፖች መንገዱን አሳይተዋል፤ የማይለወጠው ክፍል ዋና ሥራው የቀጣዩን ክፍል ዲጂታል ፊርማ መመርመር ነው፣ የሚታረመው ሌላው ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ባለቤቱ የገዛውን ማሽን የመለወጥ መብቱ ነው፤ እኔም እጋራዋለሁ። በብዙዎቹ የቀደሙ ክሮምቡኮች ቁልፉ ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ብሎን ነበር። ባለቤቱ ክዳኑን ከፍቶ ይፈታዋል፤ ቫይረስ ግን ብሎን አይፈታም። ለግል ማሽን ከዘላለም ቁልፍ ይልቅ ይህ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ጥበቃ በሌለበት ቦታ ለሚቆም የባንክ ማሽን ግን የዘላለሙን እመርጣለሁ።

ኮምፒውተር በብዛት የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች ስለ ፕሮሰሰርና ስለ ራም ሲጠይቁ፣ የባዮሱ ቺፕ መቆለፉንና ቁልፉ ከሶፍትዌር እጅ ውጭ መሆኑንም በጨረታ ሰነዳቸው ላይ ይጠይቁ።