በሀዋሳ ሐይቅ ውስጥ ሰጥመው ስለሚኖሩ ተክሎች፤ የጥናታቸው ታሪክና አያያዛቸው

ስለ ሀዋሳ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከ1952 ዓ.ም. ግድም ነው። በዚያን ዘመን የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ የነበሩት ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ከተማዪቱን ቈረቈሩ። ሐይቁ ግን ከከተማዪቱ የቀደመ ስለ ሆነ የራሱ ታሪክ አለው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው የዚህን ታሪክ አንድ ክፍል፥ ይኸውም በውሃው ውስጥ ሰጥመው የሚኖሩትን ተክሎች ነው።

ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም፥ ጥልቀቱም ቢበዛ 22 ሜትር ነው። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ በገጸ ምድር የሚታይ መውጫ ግን የለውም። ሰጥሞ የሚኖር ተክል የሚበቅለው ብርሃን እስከ ወለሉ በሚደርስበት ስፍራ ብቻ ስለ ሆነ፥ መኖሪያው በዳር ዳር ያለው ጠባብ ቀበቶ ነው።

የኢጣልያ ሊቃውንት በወረራው ዘመን ያጠኑትንና በኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1941 የታተመውን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ምርመራ ስንመለከት፥ ዋና ጉዳዩ ዓሣ ነበር። በ1989 ጥላሁን ክብረትና ሐሪሰን ያወጡት ጥናት ግን በሐይቁ ወለልና በተክሎቹ መካከል የሚኖሩትን ጥቃቅን እንስሳት መረመረ። በዚህም አኳኋን ለጀልባና ለመረብ እንቅፋት ብቻ ይመስል የነበረው አረም የሕያዋን መኖሪያ ሆኖ ተቈጠረ። የቆሮሶ ጫጩቶችም የሚጠለሉት በዚሁ በዳርቻው ተክል መካከል ነው።

እንግዲህ ከማጨድ በፊት መለየት ይገባል። ፖታሞጌቶን የተባለው ሥሩን በጭቃው ሰድዶ ግንዱን ወደ ላይ ይዘረጋል፤ ቅጠሎቹ አብዛኛውን ጊዜ በየተራ ይወጣሉ፤ አበባውም እንደ ትንሽ ዛላ ከውሃው በላይ ብቅ ይላል። በሌሎች የአገራችን ሐይቆች የሚታየው ሴራቶፊለም ደግሞ ሥር የለውም፤ እንደ መንታ የተከፈሉት ቅጠሎቹ ግንዱን ዙሪያውን ይከቡታል። እነዚህ የአገር ተወላጆች ናቸው። እንቦጭ ግን ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው፤ የቅጠሉ አገዳ አብጦ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። በአገራችን በ1965 በቆቃ፥ በ2011 ደግሞ በጣና መታየቱ ተመዝግቧል። ስለዚህ በሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ፍርድ መስጠት አይገባም።

ተወላጁ ተክል በጅምላ ቢነቀል ወይም በመድኃኒት ቢገደል፥ ሲበሰብስ በውሃው ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሳል፤ ከእርሱ የሚወጣውም ምግብ ውሃውን የሚያለመልሙትን ጥቃቅን ዋቅላሚዎች ያበዛል። ስለዚህ ለጀልባ መተላለፊያ የሚሆን መስመር ብቻ በእጅ ማጨድ፥ የታጨደውንም ከውሃው ማውጣት ይበቃል። ፖታሞጌቶን ከሥሩ ያቈጠቍጣልና ማጨዱ ይደጋገማል፤ ሴራቶፊለም ግን ከቍራጩ ሁሉ ስለሚበቅል አንድም ብጣሽ መተው አይገባም።

ከሁሉም በላይ ደለልን መከላከል ያስፈልጋል። በምሥራቅ በኩል የነበረው የጨለለቃ ሐይቅ በጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ውስጥ በደለል ተሞልቶ ረግረግ ሆኗል። ውሃው ከደፈረሰ ብርሃን ወደ ወለሉ አይደርስም፤ ብርሃን ካልደረሰ ተክሉ፥ ከተክሉም ጋር የዓሣው ጫጩት መጠለያ ይጠፋል። ከዚህ የምንረዳው የሐይቁ ጥበቃ የሚጀምረው ከሐይቁ ሳይሆን ከተራራው እርሻ መሆኑን ነው።